በእጅ የተሣሉ የጥንት የባሕርና የመርከብ ሥዕሎች ቅጂ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቅጂ ለማሠራት ወይም ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእጅ የተሣለ ቅጂ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሠዓሊ የታወቀን ሥዕል እያየ፣ ባዶ ሸራ ላይ በብሩሽና በዘይት ቀለም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደገና የሚሥለው ሥዕል ነው። በመጀመሪያ ንድፉን ይነድፋል። ቀጥሎ በስስ ቀለም ብርሃኑንና ጥላውን ያስቀምጣል፤ ከዚያ እያደረቀና እየደረበ ዋናዎቹን ቀለሞች ይቀባል። ያው ሠዓሊ ያንኑ ሥዕል ሁለት ጊዜ ቢገለብጥ እንኳ ሁለቱ ቅጂዎች ቁርጥ አንድ አይሆኑም። የአረፋው አበታተን፣ የደመናው ጠርዝ በየጊዜው ጥቂት ይለያያል።

ሸራ ላይ ከታተመ ሥዕል በምን ይለያል? አይቼ ማወቅ እችላለሁ?

ህትመት ማሽን የረጨው ቀለም ነው። ችግሩ አንዳንድ ሻጮች ህትመቱ ላይ ግልጽ ጄል በብሩሽ ይቀቡበትና “በእጅ የተሠራ” ብለው መሸጣቸው ነው። ሥዕሉን መስኮት አጠገብ ወስደው ብርሃኑ ከጎን እንዲያርፍበት ያድርጉ። በእጅ በተሣለው ላይ የብሩሹ ዱካ ከሥዕሉ ጋር ይሄዳል፤ ማዕበሉ ወደ ግራ ከተጠቀለለ ቀለሙም ወደ ግራ ተጠቅልሏል። ጄል በተቀባ ህትመት ላይ ግን ዱካው ሰማይና ባሕር፣ እንጨትና ጨርቅ ሳይለይ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ነው።

ማጉያ መነጽር ካለዎት የመርከቧን ገመዶች ይመልከቱ። በእጅ የተሣለ ገመድ የአንድ ብሩሽ ጉዞ ነው። ሲነሳ ወፈር ይላል፣ ሲያልቅ ይሳሳል፣ አንዳንድ ቦታ ቀለሙ አልቆበት ይቆራረጣል። የታተመ ገመድ ሲጎላ የቀለም ነጠብጣብ ክምችት ሆኖ ይታያል። ሻጩ ሩቅ ካለ በጎን ብርሃን የተነሳ የቅርብ ፎቶ ይጠይቁት፤ በእጅ የተሣለ ያለው ሰው ይህን ለመላክ አያንገራግርም።

ቅጂ ማሠራት ሐሰተኛ ሥዕል ማሠራት አይደለም?

አይደለም። ሐሰተኛ የሚሆነው ቅጂው ዋናው ነው ተብሎ ሲቀርብ ነው። መገልበጥማ ሠዓሊዎች ሙያቸውን ሲማሩበት የኖሩበት መንገድ ነው። የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ዛሬም ፈቃድ የተሰጣቸው ገልባጮች አዳራሹ ውስጥ ሸራቸውን ዘርግተው እንዲሠሩ ይፈቅዳል። ደንቡ ግን ጥብቅ ነው፤ ቅጂው ከዋናው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ማነስ ወይም መብለጥ አለበት፣ የዋናው ሠዓሊ ፊርማም አይገለበጥም።

በባሕር ሥዕል ታሪክ ውስጥ ሠዓሊዎቹ ራሳቸው የገዛ ሥራቸውን ገልብጠዋል። ጆን ሲንግልተን ኮፕሊ በ1778 “ዋትሰንና ሻርኩ” የተባለውን ሥዕል ለሕዝብ ካሳየ በኋላ በዚያው መጠን ሌላ ለራሱ ሠራ፤ በ1782 ደግሞ አነስ ያለ ሦስተኛ ጨመረ። ዛሬ የመጀመሪያው ዋሽንግተን፣ ሁለተኛው ቦስተን፣ ሦስተኛው ዲትሮይት ይገኛሉ።

ቅጂ ታሪክን ሲያተርፍ የታየበትም አጋጣሚ አለ። ሜዱሳ የተባለችው የፈረንሳይ መርከብ በ1816 ሞሪታኒያ ዳርቻ አሸዋ ላይ ተሰክታ ስትቀር፣ ከእንጨት በተገጣጠመ መንሳፈፊያ ላይ ሞትን ሲጠባበቁ የነበሩትን ሰዎች ቴዎዶር ዤሪኮ ከ1818 እስከ 1819 ሣላቸው። ይሁንና በተጠቀመበት ሬንጅ መሰል ጥቁር ቀለም የተነሳ ሥዕሉ ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ሄደ። ስለዚህ በ1859ና 1860 ሁለት ሠዓሊዎች በሙሉ መጠኑ ገለበጡት። ያ ቅጂ ዛሬ በሰሜን ፈረንሳይ፣ አሚየን ከተማ በሚገኘው የፒካርዲ ሙዚየም ተሰቅሎ ይታያል። ለቅጂ ያለኝ አክብሮት ከምንም በላይ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው።

በብዛት የሚገለበጡት የትኞቹ ሥዕሎች ናቸው?

የእንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር “ተዋጊዋ ቴሜሬር” ከግንባር ቀደሞቹ አንዱ ነው። በ1839 የተሣለና በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ የሚገኝ ሲሆን፣ በ1805 በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የተዋጋች አሮጌ የጦር መርከብ በትንሽ የእንፋሎት ጀልባ እየተጎተተች ወደ መፍረሻዋ ስትሄድ ያሳያል። የአይቫዞቭስኪ “ዘጠነኛው ማዕበል” (1850፣ ሴንት ፒተርስበርግ፣ የሩሲያ ሙዚየም) ደግሞ ማዕበል ለሚወዱ ነው። ጸጥታ የሚፈልጉ ሰዎች አምስተርዳም በሚገኘው ራይክስሙዚየም ወዳለው የቫን ደ ቬልደ ልጅ (አባትም ልጅም የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ የባሕር ሠዓሊዎች ናቸው) “የመድፍ ተኩስ” ያደላሉ፤ ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል፣ የመርከቧ ሸራዎች ነፋስ አጥተው ወርደዋል፣ ከመድፏ የወጣው ጭስ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የዊንስሎው ሆመር “የባሕረ ሰላጤው ጅረት” (1899)ም ፈላጊ አለው።

ብዙ ሰው ተርነር ጭጋግ ስለሆነ ይቀላል፣ የሆላንዶቹ ሥዕሎች ዝርዝራቸው ስለበዛ ይከብዳሉ ይላል። እኔ የማየው ተቃራኒውን ነው። የሆላንድ መርከብ ትዕግሥት ያለው ሠዓሊ ይገለብጣታል፤ ስህተትም ካለ ቆጥረው ያገኙታል። የተርነር ሰማይ ግን ስስ ቀለም በስስ ቀለም ላይ ተደርቦ የመጣ ብርሃን ነው፤ በወፍራም ብርቱካንማና ቢጫ የተገለበጠ ቴሜሬር ከሩቅ ይጮኻል፣ ከቅርብ ደግሞ ጭቃ ነው።

አንድ ዓይነት ሥራ ግን በዘይት ቀለም ባይገለበጥ እመርጣለሁ። የቫን ደ ቬልደ አባት ነጭ በተቀባ ገጽ ላይ በብዕርና በቀለም መርከቦችን መስመር በመስመር ይሠራ ነበር። በትንሽ ጀልባ ወደ ውጊያው ቦታ ወጥቶ፣ በ1666ቱ የእንግሊዝና የሆላንድ የአራት ቀን የባሕር ውጊያም ጭምር፣ ያየውን እዚያው የነደፈ ሰው ነው። የእርሱ ሥራ ነፍሱ መስመሩ ስለሆነ ገልባጩም ብዕር መያዝ አለበት።

የድሮ ሥዕል ማስገልበጥ በሕግ ይፈቀዳል?

በአብዛኞቹ አገሮች የቅጂ መብት ሠዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ የበርን ስምምነት የተባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ያስቀመጠው ዝቅተኛው ጊዜ 50 ዓመት ነው። ተርነር በ1851፣ አይቫዞቭስኪ በ1900፣ ሆመር በ1910፣ ሞኔ በ1926 ስለሞቱ ሥራዎቻቸውን መገልበጥ አያስጠይቅም። ሙዚየሙ ዋናውን ሸራ ስለያዘ ብቻ በምስሉ ላይ የቅጂ መብት አለው ማለት አይደለም።

ሰው የሚሳሳተው “የድሮ የሚመስል” ሥዕል ላይ ነው። የሞንታጉ ዶውሰን በነፋስ የሚበሩ የንግድ መርከቦች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ይመስላሉ፤ ሠዓሊው ግን የሞተው በ1973 ነው። የ70 ዓመቱ ደንብ በሚሠራባቸው አገሮች መብቱ እስከ 2043 መጨረሻ ይቆያል። ሥዕሉ ላይ ያለችው መርከብ ስንት ዘመኗ እንደሆነ ሳይሆን ሠዓሊው መቼ እንደሞተ ይጠይቁ።

መጠኑን እንዴት ልምረጥ?

ግድግዳዎን ከመለካትዎ በፊት የዋናውን ሥዕል የቁመትና የወርድ ምጣኔ ይወቁ። ቴሜሬር 90.7 በ121.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 60 በ80 ቢሠራ ምንም አይቆረጥበትም። “ዘጠነኛው ማዕበል” 221 በ332 ነው፤ ለእርሱ 80 በ120 ይስማማዋል። ማዕበሉን በ60 በ80 ካዘዙ ግን ሠዓሊው ወይ ከጎኑ ይቆርጣል ወይ ሰማዩን ይለጥጣል፤ ሁለቱም ሥዕሉን ይጎዱታል።

ማነሱም ወሰን አለው። የዤሪኮ ሥዕል 491 በ716 ሴንቲ ሜትር ነው። ወርዱ አንድ ሜትር ሲሆን ሁሉም ነገር በሰባት እጥፍ ያንሳል፤ ከአድማሱ ላይ ያለችው፣ የሰዎቹ ተስፋ ሁሉ የተንጠለጠለባት መርከብ ከነጥብ አትበልጥም። ገመዶቿ የሚቆጠሩላት የጦር መርከብም ከ60 ሴንቲ ሜትር ባነሰ ወርድ ላይ ገመዶቿ ተጣብቀው አንድ ጥቁር ጥላ ይሆናሉ። ቦታዎ ጠባብ ከሆነ ዋናው ራሱ ትንሽ የሆነ ሥዕል ይምረጡ። የሞኔ “ስሜት፣ የፀሐይ መውጫ” የለ አቭር ወደብን በ48 በ63 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የያዘው፤ በሙሉ መጠኑ ማስገልበጥ ይቻላል።

ስንት ጊዜ ይወስዳል?

የዘይት ቀለም ውኃው ተኖ እንደሚደርቅ ቀለም አይደለም። የተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ነው የሚጠነክረው። ስስ ንብርብር በጥቂት ቀናት ለእጅ ይደርቃል፣ ወፍራም አረፋ ግን ወራት ይፈልጋል። ብዙ ንብርብር ያለው የባሕር ሥዕል በሁለትና ሦስት ቀን ደረሰ ከተባለ ወይ ንብርብሩ ተዘሏል ወይ ቀለሙ ዘይት አይደለም።

የመጨረሻው ቫርኒሽ (ቀለሙን የሚጠብቀው ግልጽ ልባስ) በልማድ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይጠበቅለታል። ሥዕሉ ቫርኒሽ ሳይቀባ ቢደርስዎ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ሠዓሊው ሥራውን ያውቃል ማለት ነው።

ጥሩ የባሕር ቅጂን ከደካማው የሚለየው ምንድን ነው?

ነፋሱ። በአንድ ሥዕል ውስጥ ያለው ሸራ፣ ባንዲራ፣ ጭስና የሞገድ ጫፍ ሁሉ ለአንድ ነፋስ ነው የሚታዘዘው። መርከብ የማያውቅ ገልባጭ ባንዲራውን መኪና ላይ እንደታሰረ ጨርቅ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ያውለበልበዋል። ነፋስ ከኋላዋ እየገፋት የምትሄድ መርከብ ባንዲራዋ የሚውለበለበው ወደ ፊት፣ ወደምትሄድበት ነው። ዋናው ላይ ትክክል ሆኖ ቅጂው ላይ ከተገለበጠ፣ ሠዓሊው ቅርጽ ገልብጧል እንጂ የሚሥለው ነገር አልገባውም።

ገመዶቹም እንዲሁ። ምሰሶውን ከጎንና ከኋላ ወጥረው የሚይዙት ገመዶች ከመርከቧ አካል ይነሳሉ፣ ምሰሶው ላይ ያርፋሉ። መነሻና መድረሻ የሌለው፣ አየር ላይ የቀረ መስመር ካዩ የተገመተ ነው። ጎበዝ ገልባጭ እጁን ዱላ ላይ አስደግፎ፣ ጸጉሩ ረዘም ባለ ቀጭን ብሩሽ፣ በዘይት የቀጠነ ቀለም ይዞ እያንዳንዱን ገመድ በአንድ ትንፋሽ ይስበዋል። በአጫጭር ጭረት የተቀጣጠለ ገመድ የተወጠረ አይመስልም።

ውኃውን ደግሞ ቀረብ ብለው ይዩት። የአይቫዞቭስኪ ማዕበል የሚያበራው ጫፉ ስስ ስለሆነና ፀሐይዋ ከኋላው ስለምታልፍበት ነው። ይህ የሚመጣው ከደረቀ ፈዛዛ መሠረት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ አረንጓዴ በስሱ በመደረብ ነው፤ ነጭ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ከቱቦ ወጥቶ ቢለጠፍ ያው ቀለም ሆኖ ይቀራል እንጂ ውኃ አይሆንም። አረፋም ሁሉ ነጭ አይደለም፣ በጥላው በኩል ያለው ግራጫና ሰማያዊ ይሆናል። በመጨረሻ ማስመሪያ ወስደው አድማሱን ይለኩ፦ ከመርከቧ በስተግራና በስተቀኝ ያለው የባሕር መስመር አንድ ከፍታ ላይ ካልተገናኘ ባሕሩ ዘንብሏል። ይህን ስህተት ከማመን በላይ በብዙ ቅጂዎች ላይ ያገኙታል።

ባንዲራዎቹ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣሉ?

ያመጣሉ። አሁን የምናውቀው የብሪታንያ ባንዲራ ቅርጽ የያዘው በ1801 ነው፤ ከዚያ በፊት ቀጫጭኖቹ ቀይ ሰያፍ መስመሮች አልነበሩበትም። የ1670ዎቹን ውጊያ በሚያሳይ ሥዕል ላይ እነዚህ ቀይ ሰያፎች ከተጨመሩ ገልባጩ ዋናውን ትቶ ከትዝታው ሥሏል። የእንግሊዝ የጦር መርከቦችም እስከ 1864 ድረስ በየምድባቸው ቀይ፣ ነጭ ወይም ሰማያዊ ባንዲራ ያውለበልቡ ስለነበር፣ ቀይ ባንዲራ ያላትን የጦር መርከብ “ለማረም” ወደ ነጭ የሚለውጥ ሰው እያበላሸ ነው።

ሠዓሊው ቀለሙን ከምን ያየዋል? ፎቶ ይታመናል?

ዋናው ፊት ቆሞ መገልበጥን የሚያህል የለም፤ አብዛኛው ቅጂ ግን ከፎቶ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የፎቶው ምንጭ ወሳኝ ነው። ራይክስሙዚየምና የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ጥራታቸው ከፍ ያለ ምስሎችን በነጻ አውርደን እንድንጠቀምባቸው ከፍተውልናል። በየድረ ገጹ የሚዞረው የአንድ ሥዕል ፎቶ አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት እየተቀዳና እየተነካካ ስለመጣ ነው። ሥራው ከመጀመሩ በፊት “ከየትኛው ምስል ነው የምትሠራው?” ብለው ይጠይቁ፣ ምስሉንም ይቀበሉ። ኋላ ላይ በቀለም ካልተስማማችሁ የምታመሳክሩት እርሱን ነው።

የዘመኑ ቫርኒሽ ያጠቆረው ሥዕል እንዴት ይገለበጥ? አሁን እንዳለው ወይስ ድሮ እንደነበረው?

ከሁሉም ከባዱ ጥያቄ ይህ ይመስለኛል። አሮጌ ቫርኒሽ ቢጫና ቡናማ ይሆናል፤ ሰማያዊውን ሰማይ አረንጓዴ ያስመስለዋል፣ ነጩን የመርከብ ሸራ የማር ቀለም ይሰጠዋል። በዚህ ላይ ቀለሞቹም ራሳቸው ይለወጣሉ። ቀድሞ ሠዓሊዎች ከሚፈጭ ሰማያዊ መስታወት የሚያዘጋጁት ስማልት የተባለ ቀለም ነበር፤ ዘይት ውስጥ ዘመን ሲቆጠርበት ሰማያዊነቱን ያጣና ግራጫ ይሆናል። ተርነርም ብርሃን ቶሎ የሚያፈዛቸውን ቀይ ቀለሞች ይጠቀም ነበር።

የእኔ ምርጫ ሥዕሉ ዛሬ ሙዚየም ውስጥ እንደሚታየው መገልበጥ ነው፤ ቫርኒሹ በባለሙያ ተጠርጎ ፎቶ ከተነሳ ደግሞ ከተጠረገው። “ድሮ እንዲህ ነበር” ብሎ ሰማዩን ማድመቅ ለጥናት ባለሙያ እንጂ ለገልባጭ የሚተው ግምት አይደለም። በሌላ በኩል ሆን ብሎ ስንጥቅ መሥራት፣ ቡናማ ቫርኒሽ ቀብቶ ማስረጀት አልቀበልም። እርጅና ከሥዕሉ ጋር ይመጣል እንጂ አይቀባም፣ ነገ ሌላ እጅ ሲገባም ሰው ያታልላል።

ቀለሞቹ የዚያ ዘመን ቀለሞች መሆን አለባቸው?

የግድ አይደለም። የእርሳስ ነጭ ለዘመናት የሠዓሊዎች ዋና ነጭ ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ ዛሬ አብዛኛው ሰው ቲታኒየም ነጭን ይጠቀማል። ይህ ነጭ ወደ ሠዓሊዎች እጅ የገባው በ1920 አካባቢ ሲሆን፣ ቅጂን ቅጂ መሆኑን በላቦራቶሪ ለመለየትም ይረዳል፤ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው በተባለ ሰማይ ላይ ቲታኒየም ከተገኘ ነገሩ አለቀ።

ልዩነቱን ሠዓሊው ማወቅ አለበት። ቲታኒየም ነጭ ሸፋኝና ቀዝቃዛ ነው፤ የእርሳስ ነጭ ሞቅ ያለና ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ነው። ያለ ልክ ቲታኒየም የገባበት የሆላንድ ደመና እንደ ኖራ ይገረጣል። ሰማያዊውም እንዲሁ፦ የፕሩሲያ ሰማያዊ የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፤ ቫን ደ ቬልደ አባትም ልጅም አላገኙትም። በእርሱ የተገለበጠ የ1670ዎቹ ባሕር ካልተለሳለሰ ዋናው ከሚሸከመው በላይ ይጨልማል።

ሲደርሰኝ እንዴት ልያዘው?

ተጠቅልሎ የሚመጣ ሥዕል ቀለሙ ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሰፊ ቱቦ ላይ መጠቅለል አለበት፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ቀለሙ ተጨማድዶ ይሰነጠቃል። በአራቱም ጎን ለመወጠሪያ የሚሆን ባዶ ሸራ እንዲተውልዎ አስቀድመው ይንገሩ፣ ያለዚያ የሞገዱ ጠርዝ እንጨቱ ላይ ይታጠፋል። እንደደረሰ ፈትተው ያንጣፉት።

ቀጥታ ፀሐይ፣ ማሞቂያና እርጥብ ግድግዳ አይስማማውም። ጨለማ ውስጥ ማቆየትም አይጠቅመውም፣ የተልባ ዘይት በጨለማ ቢጫ ይሆናል። አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያራግፉ፤ ውኃና ሳሙና አያስነኩት።

የዋናው ሠዓሊ ፊርማ ይግባበት?

አይግባ። ገልባጩ በራሱ ስም፣ ከሥዕሉ ጀርባ፣ የማን ሥራ ቅጂ እንደሆነና የሠራበትን ዓመት ይጻፍ። ፊርማው የሥዕሉ ገጽታ አካል ሆኖ ካስፈለገዎት እንኳ የጀርባው ጽሑፍ በማይለቅ ቀለም ሸራው ላይ እንጂ በሚነሳ ወረቀት ላይ አይሁን።

ዋናው የተሰረቀ ሥዕል ይገለበጣል?

ይገለበጣል። ሬምብራንት በሕይወቱ የሣለው ብቸኛው የባሕር ሥዕል፣ የ1633ቱ “በገሊላ ባሕር ላይ ማዕበል”፣ መጋቢት 18 ቀን 1990 ቦስተን ከሚገኘው የኢዛቤላ ስቱዋርት ጋርድነር ሙዚየም ከሌሎች 12 ሥራዎች ጋር ተዘርፎ እስካሁን አልተመለሰም። ባዶው ፍሬም ቦታው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ከስርቆቱ በፊት የተነሱ የቀለም ፎቶዎች ስላሉ ቅጂው የሚሠራው ከእነርሱ ነው። 160 በ128 ስለሆነ 100 በ80 ይመጥነዋል። ጀልባዋ ላይ ያሉትን ሰዎች ያስቆጥሩ፤ 14 ናቸው። ገመድ ይዞ ወደ እኛ የሚመለከተው ሠዓሊው ራሱ እንደሆነ ስለሚታመን የእርሱ ፊት ደብዝዞ ከመጣ እንዲታረም ይጠይቁ።

ሥዕሉ ላይ ያለው ታሪክ ከእውነቱ ከተለየ ቅጂው ላይ ይታረም?

ቴሜሬር በ1838 ወደ መፍረሻዋ ስትጎተት ምሰሶዎቿ ወልቀው ነበር፤ ተርነር ግን ከነምሰሶዎቿ ሣላት። የትራፋልጋርን ውጊያ በሣለበት ትልቅ ሥዕልም በዕለቱ በተለያየ ሰዓት የሆኑትን፣ የእንግሊዙን የባሕር ኃይል አዛዥ የኔልሰንን የባንዲራ መልእክት፣ የሚወድቀውን ምሰሶና ከኋላ የምትቃጠለውን መርከብ፣ በአንድ ቅጽበት አገናኝቷቸዋል። በውጊያው የነበሩ ባሕረኞች ይህን ነቅፈውበታል። ተርነር ግን የመርከብ መዝገብ እየጻፈ አልነበረም፤ ቴሜሬርን ምሰሶዎቿን ነስቶ የሚገለብጥ ሰው የተርነርን ሐሳብ ነው የሚነሳው።

ስለዚህ ቅጂ ላይ ምንም አይታረም። መርከቧ በእርግጥ ምን ትመስል እንደነበር ማየት ከፈለጉ ሠዓሊው ከመርከቧ ንድፎችና ከዘመኑ መዛግብት ተነስቶ አዲስ ሥዕል ይሥልልዎ፣ በራሱም ስም ይፈርም።